በመንገድ የቀሩት ስማቸው የት ይጻፍ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1962 ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ስለጠፋው የአሜሪካ ወታደሮች ማመላለሻ አውሮፕላን ሰሞኑን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ግን ሐሳቡን ሁሉ የወሰደው ምስጢሩ ነው። ፈንድቶ ነው? ተጠልፎ ነው? የሰው እጅ አለበት? እያለ ገጹን ሞላና፣ ተሳፋሪዎቹን «አንዳቸውም አልተገኙም» ብሎ በአንድ መስመር አሰናበታቸው። እኔ የምጽፍላችሁ ስለዚያች አንድ መስመር ነው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ጅማ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። አሁን የሰፈሬ እድር ጸሐፊ ነኝ። አስተማሪነቱ ባሕሩ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አሳወቀኝ። ጸሐፊነቱ ደግሞ አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው ቤተሰቡን ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ አሳየኝ። ስለዚህ ጽሑፉን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ስለ አውሮፕላኑ የማውቀውን ልጨምርላችሁ። በረራ ቁጥር 739 ነበር። አውሮፕላኑ ሎክሂድ ሱፐር ኮንስቴሌሽን የሚባለው፣ አራት ሞተር ያለው፣ ጭራው ላይ ሦስት ቀጥ ያሉ ክንፎች የቆሙለት ነው። ባለቤቱ ፍላይንግ ታይገር ላይን የሚባል የግል ድርጅት ሲሆን፣ ጦሩ ወታደር እንዲያመላልስለት ተከራይቶት ነበር። ካሊፎርኒያ ከሚገኘው የትራቪስ አየር ኃይል ሰፈር ተነሣ። ሆኖሉሉ ላይ አረፈ፣ ዌክ ደሴት ላይ አረፈ፣ ጉዋም ላይ ነዳጅ ሞላ። ቀጥሎ ፊሊፒንስ፣ ከዚያ ሳይጎን መድረስ ነበረበት። ውስጡ 107 ሰው ነበር። 93ቱ የአሜሪካ ወታደሮች፣ 3ቱ የደቡብ ቬትናም ሰዎች፣ 11ዱ የበረራ ሠራተኞች ናቸው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1954 መሆኑ ነው።

ከጉዋም ተነሥቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ከበረረ በኋላ ያለበትን ቦታ በሬዲዮ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። በዚያ ሌሊት በአካባቢው ታልፍ የነበረች አንዲት የነዳጅ መርከብ መርከበኞች ሰማይ ላይ ደማቅ ብልጭታ እንዳዩ፣ የሚነድ ነገርም ወደ ባሕር ሲወርድ እንደተመለከቱ ተናግረዋል። ከሺህ በላይ ሰው፣ በመርከብና በአውሮፕላን፣ ለ8 ቀናት ፈለገ። አንዲት ስባሪ፣ አንድ የሕይወት ጃኬት እንኳ አልተገኘም። መርማሪዎቹም የአደጋውን መንስኤ ማወቅ አልቻልንም ብለው መዝገቡን ዘጉ።

ይህ እንዴት ይሆናል የሚል ሰው ካርታ ያውጣ። ተማሪዎቼን አፍሪካን በወረቀት ቆርጠው ፓስፊክ ላይ እንዲያስቀምጡ አዝዝ ነበር። መላው አፍሪካ አምስት ጊዜ ገብቶበት ቦታ ይተርፋል። የዓለማችን ጥልቁ ገደል፣ ማሪያና የሚባለው፣ ያለውም እዚያው ጉዋም አቅራቢያ ነው። ራስ ዳሸንን ሁለቴ ደራርባችሁ ብትከቱት ጫፉ ከውኃው በላይ አይታይም። እንዲህ ያለ ቦታ የገባ ነገር አለመገኘቱ ምንም ተአምር የለበትም። ለእኔ የሚከብደኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ዋሽንግተን ውስጥ ለቬትናም ጦርነት ሟቾች የተሠራ ረጅም የጥቁር ድንጋይ ግድግዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 የተመረቀ ነው። ንድፉን ያወጣችው ማያ ሊን ስትባል ውድድሩን ስታሸንፍ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ከ58 ሺህ በላይ ስም ተቀርጾበታል። ማዕረግ የለም፣ ጄኔራል ከተራ ወታደር አይለይም። ስሞቹ የተደረደሩት በሞቱበት ቀን ቅደም ተከተል ነው። አንድ ላይ የወደቁ ጓደኛሞች ድንጋዩም ላይ አብረው ናቸው። የእህቴ ልጅ እዚያ አካባቢ ስለሚኖር ሄዶ አይቶታል። ሰዎች ስሙ ላይ ወረቀት ለጥፈው በእርሳስ እየፈተጉ ቅጂውን ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ አለኝ።

የ93ቱ ወታደሮች ስም እዚያ ግድግዳ ላይ የለም።

ለምን? ደንቡ የሚለው በጦርነቱ ቀጠና ውስጥ የሞተ፣ ወይም እዚያ ቆስሎ በዚያው ቁስል የሞተ ነው። እነዚህ ልጆች ቀጠናው አልደረሱም። ዩኒፎርም ለብሰዋል፣ ትእዛዝ ተቀብለዋል፣ ወደ ሳይጎን እየሄዱ ነው፣ ግን አልደረሱም። ባሕሩ ቀደማቸው። ስለዚህ በደንቡ መሠረት የዚያ ጦርነት ሟቾች አይደሉም።

እነሱ ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1969 ፍራንክ ኢቫንስ የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ደቡብ ቻይና ባሕር ላይ በልምምድ ጊዜ ከአውስትራሊያ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ጋር ተጋጭታ ለሁለት ተከፈለች። 74 መርከበኞች ሞቱ። መርከቧ ከዚያ በፊት ቬትናም ጠረፍ ላይ ስትዋጋ የነበረች ናት። የእነዚህም ስም የለም። ያለቁት ከመስመሩ ውጭ ነዋ!

አሁን ደግሞ ሌላ አውሮፕላን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 1965 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ነው። አውሮፕላኑ እኛም አገር የሚታወቀው ሄርኩለስ ነው። የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ንብረት ሲሆን 71 ሰው ይዟል። ብዙዎቹ ጥቂት ቀን እረፍት ተሰጥቷቸው ሆንግ ኮንግ ሲዝናኑ ሰንብተው ወደ ቬትናም የሚመለሱ ወታደሮች ናቸው። የድሮው ካይታክ አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያው ባሕር ውስጥ የገባ ነበር። አውሮፕላኑ ከመሬት እንደተነሣ ሚዛኑን ስቶ ባሕሩ ውስጥ ወደቀ። 59 ሰው ሞተ። ሆንግ ኮንግ የጦርነት ቀጠና አልነበረችም። የእነዚህ ሟቾች ስም ግን እ.ኤ.አ. በ1983 ግድግዳው ላይ ተጨመረ። መጨመሩም ትክክል ነው፣ አበጁ።

ታዲያ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የማይዋጥልኝ። ሁለቱም የጦር ጉዞ ነው። ሁለቱም ባሕር ላይ ነው። ሁለቱም ከቀጠናው ውጭ ነው። ከእረፍት ወደ ጦርነቱ ሲመለስ የሞተው ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጦርነቱ ሲሄድ የሞተው ቀረ። የአንዱ እናት ወረቀትና እርሳስ ይዛ ትሄዳለች፤ የሌላዋ እናት የምትሄድበት የላትም። ልዩነቱን ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ አስረዳ ብባል የምለው አላገኝም።

ደንቡን የጻፉት ሰዎች ክፉ ናቸው አልልም። አንድ ቦታ ላይ መስመር ካልተሰመረ፣ አገሩ ውስጥ በሥልጠና ላይ የሞተው፣ በመኪና አደጋ የሞተው፣ ከጦርነቱ ተመልሶ ከዓመታት በኋላ በሕመም የሞተው፣ ሁሉም ይመጣል። ድንጋዩም ልክ አለው። ይህ ይገባኛል። እድርም ደንብ አለው፤ ደንብ ከሌለ ሁለት ዓመት አይቆይም። ግን መስመር ሲሰመር አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ። ይህ ሰው የሄደው ማን ልኮት ነው? መልሱ «እኛ ልከነው» ከሆነ የደረሰበትን ኪሎ ሜትር መለካት ተገቢ አይደለም። እናት ልጇን የምትሸኘው ከደጇ ነው። ለእሷ ጦርነቱ ከዚያች ሰዓት ይጀምራል።

በቅርብ ዘመን እንኳ የሩሲያን ብናይ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 2016 ወደ ሶሪያ ይጓዝ የነበረ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ቱፖሌቭ 154 አውሮፕላን ከሶቺ አቅራቢያ እንደተነሣ ጥቁር ባሕር ውስጥ ወደቀ። 92ቱም ሞቱ። 64ቱ የአሌክሳንድሮቭ የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ቡድን አባላት ናቸው። ወታደሮቹን በበዓል ሊያዝናኑ ነው የሚሄዱት። ጋዜጠኞችም ነበሩበት። በማግስቱ በመላ አገሪቱ የሐዘን ቀን ታወጀ። ዘፋኞች ናቸው፣ ሶሪያም አልደረሱም ብሎ የተከራከረ አልሰማሁም። ስለ ጦርነቱ የፈለገው ሰው የፈለገውን ሊል ይችላል። ሟቾቹን በማክበሩ ግን ልክ ሠርተዋል።

የ739 ቤተሰቦችስ? አሁንም ይጠይቃሉ። ጉዳያቸው ምክር ቤት ድረስ ሄዶ እስካሁን መልስ አላገኘም። በመጨረሻ አንድ ግለሰብ ሜይን በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ኮሎምቢያ ፎልስ በምትባል ትንሽ ቦታ፣ በራሱ መሬት ላይ ድንጋይ አቆመላቸው። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። አውሮፕላኑ ከጠፋ 59 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አባታቸውን ሳያውቁት ያደጉ፣ አሁን እነሱ ራሳቸው ሽማግሌ የሆኑ ልጆች ተሰበሰቡ። ሚስቶቹ አብዛኞቹ ይህን ሳያዩ ማለፋቸው አይቀርም።

ይህ የአሜሪካኖች ጣጣ ነው፣ ጅማን ምን አገባት የሚል አንባቢ ይኖራል። እንግዲህ ወደ ቤቴ ልምጣ።

ጅማ ባሕር የላትም። አዌቱ ወንዛችን ክረምት ሲሞላ ልጆች ድልድይ ላይ ቆመው ሲያዩት ይውላሉ፤ ከዚያ የበለጠ ውኃ ሳያይ የሚያረጅ ሰው ብዙ ነው። ሆኖም ባሕር ከእኛም ሰፈር ወስዷል። በደርግ ጊዜ ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ከዚህ የተነሡ ልጆች ምጽዋና አሰብ፣ ዳህላክ ድረስ ሄደዋል። የካቲት 1982 ላይ ምጽዋ ስትያዝ ወደቡ ላይ የነበረው ወታደር ከኋላው ባሕር ነው ያለው። መሬቱ ሲያልቅበት የት እንደገባ የማይታወቅ ስንት ልጅ አለ።

የእኛ ሰፈር ልጅ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር። ከመዝመቱ በፊት ቡና ማበጠሪያ ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። በመጀመሪያ ደመወዙ እድር ገባ። ወጣት ለብቻው እድር አይገባም፤ በአባትና በእናቱ ስም ነው የሚታቀፈው። እሱ ግን «ወንድ ነኝ፣ በስሜ መዝግቡኝ» አለ አሉ። ከዚያ ተጠራና ሄደ። የመጨረሻ ደብዳቤው ጥር 1982 ከምጽዋ የተጻፈ ነው። ከዓመታት በኋላ የተመለሰ አንድ ጓደኛው፣ ከባድ መሣሪያ ሲወርድ ወደቡ ላይ ጀልባ ሲሳፈር አይቼዋለሁ፣ ወደ ዳህላክ ነው የሚሉት አለ። ሌላ ወሬ የለም። መርዶ የለም፣ ወረቀት የለም።

እናቱ መዋጮውን አላቋረጡም።

ይህን ያወቅሁት ጸሐፊነቱን ስረከብ ነው። የእድራችን መዝገብ ትልቅ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ባለ መስመር ደብተር ነው። በግራ በኩል የአባሉ ስም፣ ከዚያ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ዓምድ አለው። የከፈለ ሰው ላይ ምልክት ይደረጋል። የልጁ ስም የእናቱ ስም ሥር ነው። ዓምዶቹ ሁሉ ሞልተዋል፣ አንድ ወር ክፍት የለም፣ አንድም ቅጣት የለበትም። ከጎኑ የቀድሞው ጸሐፊ በእርሳስ «በእናቱ በኩል» ብሎ ጽፏል። የዱሮዎቹን ደብተሮች ከሳጥን አውጥቼ አየሁ። እያንዳንዱ ጸሐፊ ደብተር ሲያልቅ ስሙን ወደ አዲሱ አሻግሮታል። እኔም አሻገርኩት። መንግሥት ተለወጠ፣ መዋጮው ሁለት ብር የነበረው ስንት ጊዜ ጨመረ፣ እናትየዋ በጨመረው ልክ ከፈሉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ።

አንድ ቀን መዋጮ ሊከፍሉ መጡና ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አድርገው፣ «መምህር፣ እኔ ሳልሞት ስሙን ዝጉልኝ» አሉኝ። «እኔ ካለፍኩ ማን ይከፍልለታል? ስሙ በዕዳ እንዲሰረዝ አልፈልግም። እርሜን ላውጣና እንደ ሰው ዝጉት።»

ለጠቅላላ ጉባኤ አቀረብነው። ቀላል መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ደንባችን «አስከሬኑ ሲቀበር» ይላል። ገንዘቡ የሚከፈለው፣ ድንኳኑ የሚተከለው፣ ለቀብሩ የሚወጣው ሰው የሚታዘዘው አስከሬን ሲኖር ነው። አንድ አባል ተነሥቶ፣ ሬሳ ሳይኖር ድንኳን ከተከልን ነገ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ልጅ ስልክ አጠፋ ብሎ ሁሉም ይመጣል አለ። ሌላው፣ እድሩ የተቋቋመው እዚሁ ለምንቀብረው ነው፣ የጦርነት ሟች የመንግሥት ነው አለ። ሰውየው በክፋት አልተናገረም። የእድሩ ገንዘብ ስስ እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። እኔ ግን ያንን ግድግዳ አሰብኩ። ቋንቋው ይለያይ እንጂ ደንቡ አንድ ነው፤ «የት ሞተ?» ነው የሚለው።

ያን ቀን ስብሰባውን የቀየሩት አንድ ሼህ ናቸው። አባላችን ናቸው፣ ብዙ አይናገሩም። «ሶላተል ጋኢብ የሚባል አለ» አሉ። «ሬሳው ፊታችን ለሌለ ሰው የሚሰገድ ነው። ነቢዩ መዲና ሆነው የሰገዱት ለማን ነው? ለሐበሻው ንጉሥ፣ ለነጃሺ ነው። ሬሳው ከባሕር ማዶ ነበር። የእኛው ሰው በሌለበት እንደዚያ ከተሰገደለት፣ እኛ ለልጃችን ድንኳን እንዴት እንከለክላለን?» ቤቱ ጸጥ አለ።

ከዚያ አንድ የቅዳሴ ሰው፣ የእድራችን ገንዘብ ያዥ፣ ተነሡ። መጋቢት 2011 ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀው አውሮፕላን ሟቾች ሲሸኙ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በባንዲራ የተሸፈኑ 17 ባዶ ሣጥኖች መቆማቸውን አስታወሱ። ለቤተሰብ የተሰጠው አፈር ነበር። «አገር ባዶ ሣጥን ፊት ቆሞ አልቅሷል። ማንም ልክ አይደለም አላለም» አሉ።

እኔ ደግሞ ሕጉን አነበብኩላቸው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 154 ላይ፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሁሉ መጥፋቱን ፍርድ ቤት እንዲወስንለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ሁለት ዓመት! ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ስንት ነው? ውርሱ ተንጠልጥሎ፣ ሚስቱ አግቢም ፈትም ሳትሆን፣ ቤቱ በሟች ስም ይሁን በሕያው ሳይለይ የሚኖር። አስተማሪ ሆኜ ይህን ለማንም አላነሣሁም ነበር፤ ካነሣሁት ወዲህ ግን ፍርድ ቤት የሄዱ ጎረቤቶች አሉ።

የሚገርመው፣ አስከሬን ሳይጥሉ መመለስ ለእኛ ትልቅ ክብር ነው። ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ አንድ ምርኮኛ አልሰጠም፣ የሞተ ጓዱንም ጥሎ አልመጣም ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገርለታል። እኔም ይህን ለተማሪዎቼ በኩራት ነግሬያለሁ። ይኸው ኩራት ግን ባሕር የበላውን ልጅ ቤተሰብ አንገት ማስደፋት የለበትም። ተራራ ላይ የወደቀን ጓድ ተሸክሞ መውረድ ይቻላል። ከባሕር ሥር ማን ያወጣዋል?

ድምፅ ተሰጠና አለፈ። ተቃውሞ የነበረውም ሰውዬ እጁን አወጣ። ደንባችን ላይ የጨመርነውን አንቀጽ እንዳለ ልጻፍላችሁ፤ ሌላ እድር ቢፈልግ ይውሰደው፦

«አባሉ ወይም የአባሉ ቤተሰብ በጦርነት፣ በስደት፣ በባሕር ወይም በአየር ጉዞ ላይ ሞቶ አስከሬኑ ያልተገኘ እንደሆነ፣ መሞቱ በፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም በሦስት የታመኑ ሰዎች ምስክርነት ከተረጋገጠ፣ እድሩ ለማንኛውም ሟች የሚሰጠውን ገንዘብ፣ ድንኳንና ጉልበት ሳይቀንስ ይሰጣል። የሞተበት ቦታ አይጠየቅም።»

ድንኳኑ ተተከለ። ዓርብ መስጊድ ተሰገደለት። እናትየዋ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። ለቅሶ ደራሹ ከሰፈሩ ብቻ አልነበረም፤ ከአጋሮ፣ ከሰቃ የመጡ ነበሩ። አብረውት የተማሩ፣ አሁን የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች መጡ። ከእድሩ የተከፈላቸውን ገንዘብ እዚያው ለሰደቃ አወጡት። እኔም መዝገቡ ላይ ከስሙ ትይዩ ቀኑን ጻፍኩና «አረፈ» ብዬ ዘጋሁት። በቀጣዩ ወር ደግሞ አንድ አባት መጡ። ልጃቸው በጅቡቲ አድርጎ ወደ የመን ሲሻገር ጀልባው ተገልብጦ የቀረ ነው። አንቀጹን አንብቤላቸው ነበርና ምስክሮቻቸውን ይዘው ነው የመጡት። ጦርነት አይደለም፣ ግን ያው ባሕር ነው።

አሁን ለእናንተ ያለኝ ጥያቄ ይኸው ነው። በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ ስለ ምጽዋ ታትማላችሁ። የጄኔራሎቹን ውሳኔ፣ የታንኩን ብዛት፣ ማን አጥፊ ማን ጀግና እንደነበር እናነባለን። መጻፉ ጥሩ ነው። በዚያ ወር ግን አንድ ገጽ፣ ቢበዛ ግማሽ ገጽ፣ አስከሬናቸው ላልተገኘ ሰዎች ስም ስጡ። ወገን ሳትለዩ፣ በየትኛው ጎራ እንደተሰለፉ ሳትጠይቁ። ቀይ ባሕር ዳር ያለቀው የአንድ ወገን ልጅ ብቻ አይደለም። ብዙ አትጨምሩ። የሟች ስም እስከ አያት፣ የተወለደበት ቦታ፣ የሄደበት ዓመት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ወይም ደብዳቤ የጻፈበት ቦታ፤ ይኸው ይበቃል። ያንን ገጽ ቆርጦ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ አለ። ደግሞም አብሮት የነበረ ሰው ያነበው ይሆናል፤ «እኔ አይቼዋለሁ» የሚል አንድ ምስክር ፍርድ ቤት ለሚሄድ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው።

በዚያን ዘመን አየር ማረፊያና ወደብ ላይ የተሳፋሪ ዝርዝር ትጽፉ የነበራችሁ ሰዎችም ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አንቶኖቭ ላይ፣ ጀልባ ላይ የወጣውን ሰው ስም የመዘገባችሁበት ወረቀት ቤታችሁ ካለ አትጣሉት። ልጆቻችሁ እንዳይጥሉትም ንገሯቸው። የ739 ቤተሰቦች ቢያንስ ያ አላቸው። አውሮፕላኑ ጠፋ እንጂ ማን እንደተሳፈረ 107ቱም በስም ይታወቃሉ። ለእኛ ብዙ ቤተሰቦች ይህም የለም።

ገጹን ለመስጠት ከፈቀዳችሁ የመጀመሪያውን ስም ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሌላ ወረቀት አባሪ አድርጌ ልኬላችኋለሁ። እናቱና እህቱ ፈቅደዋል። የአባቱና የአያቱ ስም እንዳይዛነፍ በትልልቁ ጽፌዋለሁ፤ ስታትሙ አደራ፣ ፊደሉን እንዳትስቱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰፈር እድር ጸሐፊና ጡረተኛ መምህር
ሂርማታ፣ ጅማ